«አይዞን!» በሚዛን ላይ
የማበረታቻ ቃል በስፖርት ቡድን ላይ ምን ይሠራል?

ጡንቻ የሚንቀሳቀሰው በኬሚካል ኃይል ነው። የተመገብነው እንጀራ በሆዳችን ተፈጭቶ ወደ ግሉኮስ ይለወጣል፤ ግሉኮሱ በሴሎቻችን ውስጥ ኤ.ቲ.ፒ. የተባለውን ሞለኪውል ለመሥራት ይውላል፤ ጡንቻውም የሚኮማተረው ይህን ሞለኪውል እየሰነጠቀ በሚያገኘው ኃይል ነው። በዚህ ሰንሰለት ውስጥ ለቃል የተተወ ቦታ የለም። ከሜዳው ዳር ቆሞ «በርቱ! አይዟችሁ!» እያለ ጉሮሮው እስኪደርቅ የሚጮኽ ደጋፊ ለተጫዋቹ አንዲት ካሎሪ እንኳ አያቀብለውም። ድምፁ የአየር ሞገድ ነው፤ የጆሮን ታምቡር ከማርገብገብ ያለፈ መካኒካዊ ሥራ አይሠራም።

ይሁንና በትምህርት ቤት ሜዳም ሆነ በትልቅ ስታዲየም የተጫወተ ሰው ሁሉ ቃል ጉልበት እንደሚሰጥ ይመሰክራል። አሠልጣኞችም በዕረፍት ሰዓት ያላቸውን ጥቂት ደቂቃ በአብዛኛው የሚያውሉት ለንግግር ነው። ታዲያ ቃል በእርግጥ ጉልበት ይጨምራል? ከጨመረስ ካሎሪ ሳይኖረው በምን መንገድ? ለአንዱ ተጫዋች የበጀ ቃል ለሌላው፣ ለዛሬው ጨዋታ የበጀ ቃልስ ለከርሞው ይበጃል? ጥያቄዎቹ የስሜት ቢመስሉም በላቦራቶሪ ውስጥ ሲመዘኑ ኖረዋል። ከተገኘው መልስ ዋና ዋናውን እናያለን።

ከጀርባ የተተኮሰ ሽጉጥ

ጃፓናዊው ሚቺዮ ኢካይ እና አሜሪካዊው አርተር ስታይንሃውስ እ.ኤ.አ. በ1961 ያሳተሙት ጥናት በዚህ ረገድ ስሙ ደጋግሞ ይነሣል። ተመራማሪዎቹ ፈቃደኛ ሰዎችን አስቀምጠው ክንዳቸውን በሙሉ ኃይላቸው እንዲያጥፉ አደረጉ፤ ይህም በየደቂቃው አንድ ጊዜ፣ ለሠላሳ ደቂቃ ያህል የሚደጋገም ነበር። ጉልበታቸው በመሣሪያ ይመዘገባል። ጥቂት ዙሮች ካለፉ በኋላ ከመሳቡ ጥቂት ሰከንዶች ቀደም ብሎ ከሰውየው ጀርባ የሩጫ ማስጀመሪያ ሽጉጥ ይተኮሳል። በሌሎች ዙሮች ደግሞ ሰውየው ራሱ እየጮኸ እንዲስብ ይጠየቃል። ሽጉጡ የተመዘገበውን ጉልበት በአማካይ በ7 ከመቶ ገደማ፣ ጩኸቱ ደግሞ በ12 ከመቶ ገደማ ከፍ አደረገው። ያው ጡንቻ ነው፣ ያው ክንድ ነው፤ በመካከል የገባ ምግብም መድኃኒትም የለም።

ከዚህ የተነሣ ሁለቱ ሳይንቲስቶች «ሙሉ ኃይሌ ነው» ብለን የምናወጣው ጉልበት በእርግጥ ሙሉ ኃይላችን እንዳልሆነ ደመደሙ። አንጎል ከጡንቻው ዐቅም ላይ የተወሰነ መጠን ቆልፎ ይይዛል፤ ድንገተኛ ድምፅ ወይም የራስ ጩኸት ያን ቁልፍ ለአፍታ ያላላዋል ማለት ነው።

ሽጉጥ ግን ቃል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1996 በብሪታንያ የስፖርት ሕክምና መጽሔት የወጣ ጥናት ጥያቄውን በቀጥታ ለቃል አቀረበው። ሃያ ሰዎች ክርናቸውን የሚያጥፉትን ጡንቻዎች በሙሉ ኃይል እንዲያኮማትሩ ተደረገ፤ አንድ ጊዜ በዝምታ፣ አንድ ጊዜ እየተበረታቱ። ቃል በታከለበት ጊዜ ከፍተኛው ጉልበት በ5 ከመቶ ጨምሮ ተገኘ። አምስት ከመቶ ለቁም ነገር የማይበቃ ይመስል ይሆናል። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2000 በሲድኒ ኦሊምፒክ የ10,000 ሜትር ፍጻሜ ኃይሌ ገብረ ሥላሴን ከፖል ቴርጋት የለየው ዘጠኝ መቶኛ ሰከንድ ብቻ እንደነበረ ያስታወሰ ሰው፣ ስፖርት በምን ዓይነት ቁጥሮች እንደሚወሰን አይዘነጋም።

ቁልፉ የት ነው?

ከአንጎላችን የላይኛው ሽፋን የሚነሣው ትእዛዝ በሕብለ ሰረሰር በኩል ወርዶ የእንቅስቃሴ ነርቮችን ይቀሰቅሳል። እያንዳንዱ ነርቭ በሥሩ የተወሰኑ የጡንቻ ጭረቶችን ያስተዳድራል። ጉልበት የሚጨምረው ብዙ ነርቮች ሲቀሰቀሱና የተቀሰቀሱትም ቶሎ ቶሎ ምልክት ሲልኩ ነው። አንጎል ጡንቻውን ምን ያህል እንዳዘዘው ለማወቅ ተመራማሪዎች ብልሃት አላቸው፦ ሰውየው በሙሉ ኃይሉ እየሳበ ሳለ ነርቩን በአጭር የኤሌክትሪክ ንዝረት ይቀሰቅሱታል። ጉልበቱ ከነበረበት ከፍ ካለ፣ አንጎል ያላዘዘው ክፍል ነበረ ማለት ነው። ካልጨመረ ደግሞ ትእዛዙ ሙሉ ነበር።

በዚህ ዘዴ የተገኘው ውጤት የኢካይንና የስታይንሃውስን ድምዳሜ በከፊል ያርማል። ጤነኛና ያልደከመ ሰው ብዙዎቹን ጡንቻዎቹን ሙሉ በሙሉ ለማዘዝ ጥቂት ብቻ ነው የሚቀረው። ክፍተቱ የሚሰፋው ድካም ሲመጣ ነው። ያን ጊዜ ጡንቻው ከመዛሉ በተጨማሪ ከላይ የሚመጣው ትእዛዝም ይሳሳል። በእኛ ግምት የማበረታቻ ቃል ትልቁን ሥራ የሚሠራው እዚህ ላይ ነው፤ በ5ኛው ደቂቃ ሳይሆን በ85ኛው።

ይህን ግምት የሚደግፍ ማስረጃ የሚገኘው፣ ምናልባት ባልተጠበቀ ቦታ፣ በሆስፒታል ኮሪደር ነው። የሳንባና የልብ ሕሙማንን ዐቅም ለመለካት ሐኪሞች በስድስት ደቂቃ ምን ያህል ርቀት እንደሚራመዱ ይመዘግባሉ። እ.ኤ.አ. በ1984 በ43 ሕሙማን ላይ የተካሄደ ጥናት፣ በቃል የተበረታቱት በስድስቱ ደቂቃ ውስጥ ካልተበረታቱት 30 ሜትር ያህል የበለጠ እንደሚያስመዘግቡ አሳየ። ይህ ለሐኪሞች መልካም ዜና አልነበረም። አንዷ ነርስ ደግ፣ ሌላዋ ዝምተኛ ብትሆን አንድ ሕመምተኛ ሳይድን የዳነ ሊመስል ይችላልና። ስለዚህ የአሜሪካ የደረት ሕክምና ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2002 ባወጣው መመሪያ በየደቂቃው ለሕመምተኛው ምን እንደሚባል ዐረፍተ ነገሩን ሳይቀር ወሰነ፤ ከዚያ ውጪ ሌላ የማበረታቻ ቃል መጨመርንም ከለከለ። ቃል እንደ መድኃኒት መጠን ተወስኖለት ሲታዘዝ ያየነው ምናልባት እዚህ ብቻ ነው።

ስለ መጠን ካነሣን፣ በዚያው ዓመት የታተመ ሌላ ጥናት 28 ሰዎችን በትሬድሚል ላይ እስከ መጨረሻ ዐቅማቸው አስሩጦ ነበር። አንዳንዶቹ በየ20 ሰከንዱ፣ ሌሎቹ በየ60 ሰከንዱ፣ የቀሩት በየ180 ሰከንዱ ይበረታታሉ፤ ምንም ያልተባሉም ነበሩ። በየ20 እና በየ60 ሰከንዱ የተበረታቱት የበለጠ ሲታገሉ፣ በየሦስት ደቂቃው ብቻ ድምፅ የሰሙት ግን ጭራሽ ምንም ካልተባሉት የተለየ ነገር አላሳዩም። ቃል ቶሎ ይተናል።

ድምፁ የግድ ከውጭ መምጣትም የለበትም። እ.ኤ.አ. በ2014 በታተመ ሙከራ 24 ሰዎች በቋሚ ብስክሌት ላይ እስኪዝሉ ድረስ እንዲጋልቡ ተደረገ። ግማሾቹ ለሁለት ሳምንት ያህል ለራሳቸው የሚሉትን የማበረታቻ ቃል መርጠው ተለማመዱ። በሁለተኛው ፈተና እነዚህ ሰዎች የቆዩበት ጊዜ በአማካይ ከ637 ሰከንድ ወደ 751 ሰከንድ ከፍ አለ። በጉዞው አጋማሽ ላይ «ምን ያህል ከብዶሃል?» ተብለው ሲጠየቁም የሰጡት ቁጥር ከቀድሞው ዝቅ ያለ ነበር። ይህ ቃል የሚሠራበትን ሁለተኛ መንገድ ይጠቁማል፤ ሥራው ያው ሆኖ ሳለ የሚሰማን ክብደት ይቀንሳል፣ የሚቀልለን ሰውም ቶሎ አያቆምም።

ተናጋሪው ማን ነው?

እስካሁን ስለ ቃሉ ተናገርን፤ ቃሉ ከማን አፍ እንደወጣ አልጠየቅንም። አልበርት ባንዱራ እ.ኤ.አ. በ1977 ባቀረበው ንድፈ ሐሳብ መሠረት ሰው «እችላለሁ» ብሎ የሚያምነው ከአራት ምንጮች ነው፦ ራሱ ቀድሞ ሠርቶ ካየው፣ መሰሎቹ ሲሠሩ ካየው፣ ሌሎች «ትችላለህ» ብለው ካሳመኑት፣ እንዲሁም የራሱ ሰውነት ከሚነግረው የልብ ምትና የጭንቀት ስሜት። ከእነዚህ ብርቱው የመጀመሪያው ነው። ማሳመኛ ቃል ደካማ ምንጭ ነው፤ ከሜዳ በሚገኝ አንድ ሽንፈት ሊሻር ይችላል። ክብደቱም የሚለካው በተናጋሪው ተአማኒነት ነው። ሳምንቱን ሙሉ ልምምድ ላይ ያልታየ አሠልጣኝ በጨዋታው ዕለት የሚያሰማው ዲስኩር ለምን ከግድግዳው ላይ እንደሚነጥር በዚህ ይገባናል። በአንጻሩ «ማክሰኞ ዕለት ይህንኑ ኳስ አሥር ጊዜ አሻግረኸዋል» የሚል ቃል ኃይሉን የሚያገኘው ከመጀመሪያው ምንጭ ነው፤ ቃሉ የተሠራውን ሥራ ማስታወሻ ብቻ ነው።

ቡድን ሲሆን ደግሞ ሌላ ችግር ይታከላል። ማክስ ሪንግልማን የተባለ ፈረንሳዊ የእርሻ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1913 ባሳተመው ጽሑፍ፣ ገመድ የሚስቡ ሰዎች ቁጥር በጨመረ መጠን የእያንዳንዱ ድርሻ እንደሚቀንስ አሳይቷል፤ ስምንት ሆነው ሲስቡ ከእያንዳንዳቸው የሚገኘው ለብቻቸው ከሚስቡት ግማሽ ያህል ብቻ ነበር። እኩል አለመሳባቸው ይሆን? እ.ኤ.አ. በ1974 ሌሎች ተመራማሪዎች ብልሃት ፈጠሩ። የሚፈተነውን ሰው ዓይኑን ሸፍነው ከፊት አቆሙት፤ ከኋላው ያሉት የሚስቡ መስለው ገመዱን ይዘው ብቻ ቆሙ። ሰውየው ብቻውን እየሳበ እንኳ ሰዎች አብረውት እንዳሉ ማመኑ ብቻ ጉልበቱን ቀነሰው። ስለዚህ ሰነፍ የሚያደርገን የቅንጅት ጉድለት ብቻ አይደለም፤ የኔ ድርሻ አይታወቅም የሚለው ስሜትም ነው።

መድኃኒቱ በመዋኛ ገንዳ ተገኘ። እ.ኤ.አ. በ1989 በወጣ ጥናት የኮሌጅ ዋናተኞች በቅብብሎሽ ሲወዳደሩ የእያንዳንዳቸው ሰዓት ካልተነገረ ለብቻቸው ከሚዋኙት ዘገዩ፤ የእያንዳንዱ ሰዓት ጮክ ተብሎ ሲነገር ግን ለብቻቸው ከሚዋኙት ፈጠኑ። «በርቱ ልጆች!» ብሎ ለሁሉም የተወረወረ ቃል ማንም ሳያነሣው መሬት ሊወድቅ ይችላል። ስም ጠርቶ፣ የሠራውን ነገር ለይቶ መናገር የተሻለ ነው የምንለው ከዚህ ተነሥተን ነው።

እዚህ ላይ ስለ ቋንቋችን ጥቂት ጣልቃ እናስገባ። አማርኛ ለማበረታቻ ድሃ አይደለም። አባቶቻችን ለጦር ሜዳ ቀረርቶና ፉከራን፣ ለአጨዳና ለውቂያ የደቦ ዘፈንን አበጅተዋል፤ እነዚህ ሁሉ ብዙ ሰዎችን በአንድ ምት የሚያንቀሳቅሱ፣ ከዚያም አልፈው ፎካሪውን በስሙና በሥራው የሚያስጠሩ ናቸው። «አይዞህ» የሚለው ቃል ደግሞ እንደ ግስ ይረባል፦ አይዞሽ፣ አይዞዎት፣ አይዟችሁ። ለተጎዳ ሰው ማጽናኛ፣ ለሚሮጥ ሰው ማበርቻ ነው። ከሁሉ የሚያስደንቀን «አይዞን» ነው። ተናጋሪው ራሱን ከተናገረለት ሰው ጋር አንድ ወገን ያደርጋል፤ ከዳር ቆሞ የሚያዝ ሰው አይናገረውም። ለቡድን አምበል ከዚህ የተሻለ ቃል አላገኘንለትም።

የአሸናፊዎች ታሪክ ወጥመድ

ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተካሄደውን የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ የእግር ኳስ ወዳጅ ሁሉ ያውቀዋል። በይድነቃቸው ተሰማ የሚመራው የኢትዮጵያ ቡድን በዚያን ጊዜ የተባበረች ዐረብ ሪፐብሊክ በምትባለው ግብፅ 1 ለ 0 እየተመራ ለዕረፍት ወጣ። በ74ኛው ደቂቃ ግርማ ተክሌ አቻ አደረገ፤ ደስታው ሳይበርድ በቀጣዩ ደቂቃ ሁለተኛ ጎል ገባበት። በ84ኛው ደቂቃ አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ እንደገና አቻ አደረገ። በተጨማሪው ሰዓት ኢታሎ ቫሳሎና መንግሥቱ ወርቁ አንድ አንድ ጎል አክለው ጨዋታው 4 ለ 2 አለቀ።

ይህን ታሪክ የሚሰማ ሰው ሁለት ጊዜ ተመርቶ ሁለት ጊዜ የተነሣውን ቡድን የቃል ኃይል ነው ያስነሣው ለማለት ይፈተናል። ሦስቱ ጎሎች የተቆጠሩት ድካም በሚከብድበት ሰዓት መሆኑም ከላይ ካልነው ጋር የሚገጥም ይመስላል። ሆኖም አንድ ጨዋታ ሙከራ አይደለም። ያው ቡድን፣ በዚያው ቀን፣ ያለ ማበረታቻና ያለ አገሩ ሕዝብ ጩኸት ቢጫወት ምን ይሆን እንደነበር የሚያሳይ ማነጻጸሪያ የለንም። ደግሞም የምናስታውሰው ያሸነፉትን አሠልጣኞች ንግግር ነው። የተሸነፈውም ወገን በዕረፍት ሰዓት ተበረታቶ ነበር፤ የእርሱን ንግግር ግን ማንም አይተርክም።

ከዚህ ወጥመድ ለመውጣት የሁለቱንም ወገን ንግግር ሰብስቦ ከውጤቱ ጋር ማነጻጸር ያስፈልጋል። ባሪ ስታውና ባልደረቦቹ ይህን አደረጉ። በሰሜን ካሊፎርኒያ የሚገኙ 23 የሁለተኛ ደረጃና የኮሌጅ የቅርጫት ኳስ ቡድኖችን ተከታትለው በዕረፍት ሰዓት የተደረጉ 304 ንግግሮችን ቀረጹ፤ በእያንዳንዱ ውስጥ ምን ያህል ቁጣ፣ ምን ያህል ደስታ እንዳለ ገምጋሚዎች እንዲመዝኑ አደረጉ፤ ከዚያም ከሁለተኛው ግማሽ ውጤት ጋር አገናኙት። ውጤቱ ለዚህ ጽሑፍ ርእስ የሚመች አይደለም። ቆጣ ያሉ አሠልጣኞች ቡድኖች በሁለተኛው ግማሽ የተሻለ ተጫወቱ። ቁጣው ከልክ ሲያልፍ ግን ግንኙነቱ ተገለበጠ፤ ውጤቱ ማሽቆልቆል ጀመረ።

ታዲያ አሠልጣኝ ሁሉ ይቆጣ? ይህ ጥናት የለካው አንድ ግማሽ ጨዋታን መሆኑን ልብ እንበል። በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ሮናልድ ስሚዝና ፍራንክ ስሞል ለብዙ ዓመታት የመረመሩት ግን ረዘም ያለውን ጊዜ ነው። የሕፃናት ቤዝቦል አሠልጣኞችን ለጥቂት ሰዓታት አስተማሩ፤ ጥረትን እንዲያመሰግኑ፣ ልጁ ሲሳሳት አበረታትተው ወዲያው እንዴት እንደሚታረም እንዲያሳዩት፣ ቅጣትና ስድብን እንዲተዉ። እ.ኤ.አ. በ1992 ባሳተሙት ጥናት በቀጣዩ ዓመት የልጆቹን መመለስ ቆጠሩ። ካልሠለጠኑት አሠልጣኞች ልጆች 26 ከመቶው ጨዋታውን ትተው ቀሩ፤ ከሠለጠኑት ዘንድ የቀሩት 5 ከመቶ ብቻ ነበሩ። የሁለቱ ወገኖች የማሸነፍና የመሸነፍ ቁጥር ግን አልተለያየም።

እነዚህን ሁለት ጥናቶች ጎን ለጎን ስናስቀምጥ አንዱ ሌላውን አያፈርስም። አንደኛው ስለ ሃያ ደቂቃ፣ ሌላው ስለ ዓመታት ይናገራል። የኛ አስተያየት ግልጽ ነው፦ የደመወዝ ተጫዋቾችን የሚያሠለጥን ሰው አልፎ አልፎ በልክ ቢቆጣ ማስረጃ አለኝ ሊል ይችላል። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ፊት የሚጮኽ ግን የሚያተርፈው ጎል ቢኖር እንኳ የሚያጣው ልጁን ነው፤ ሜዳውን ጥሎ ከሄደ ልጅ ውስጥ ማን ይወጣ እንደነበር ማንም አይቆጥርም።

«ጎበዝ!» ወይስ «በርታ!»

ምስጋናም ዓይነት አለው። ክላውዲያ ሙለርና ካሮል ድዌክ እ.ኤ.አ. በ1998 ባሳተሙት ጥናት ተማሪዎች እንቆቅልሽ ከፈቱ በኋላ አንዳንዶቹ ስለ ብልህነታቸው፣ ሌሎቹ ስለ ጥረታቸው ተመሰገኑ። ቀጥሎ ከባድ እንቆቅልሽ ቀርቦላቸው ሲሳናቸው፣ ስለ ብልህነታቸው የተመሰገኑት ቶሎ ተስፋ ቆረጡ፤ በመጨረሻው ዙርም ውጤታቸው ዝቅ አለ። ከዚህ ሐሳብ ተነሥተው የተዘጋጁ የትምህርት ቤት ፕሮግራሞች ኋላ በሰፊው ሲፈተኑ ያስገኙት ለውጥ ከተጠበቀው ያነሰ እንደነበረ መናገር ተገቢ ነው። ቢሆንም ለእኛ የሚጠቅም ጥያቄ ይተውልናል። «ጎበዝ ነህ» የሚለው ምስጋና ለሰውየው ነው፤ ኳሷ ስትስት ምስጋናው አብሮ ይስታል። «በርታ» ግን ወደ ፊት ያያል፤ ስቶም ሆነ አግብቶ ሊባል የሚችል ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ ሳንጨምር አናልፍም። እስካሁን የጠቀስናቸው የጉልበትና የጽናት ሥራዎች በአብዛኛው ኃይል ማውጣትን ብቻ የሚጠይቁ ናቸው። ፍፁም ቅጣት ምት፣ የቅርጫት ኳስ ነፃ ውርወራና የመረብ ኳስ ሰርቭ ግን ሌላ ናቸው፤ እዚህ ልብ አብዝቶ ሲመታና ጡንቻ ሲገተር ጥራት ይጠፋል። እ.ኤ.አ. በ2011 ብዙ ጥናቶችን በአንድነት የመረመረ ትንታኔ፣ ጥንቃቄ ለሚጠይቁ ሥራዎች ሰው ለራሱ የሚሰጠው የአሠራር ቃል ከሌሎች ሥራዎች ይልቅ እንደሚጠቅም አሳይቷል። ፍፁም ቅጣት ምት ሊመታ ለቆመ ተጫዋች «የአገር ተስፋ ነህ!» ከማለት «የቆመ እግርህን አስተካክል» ማለት ይሻላል። አንዳንዴም ዝም ማለት።

በትምህርት ቤታችሁ ሞክሩት

ይህን ጉዳይ ለመመርመር ላቦራቶሪ አያሻም፤ ሰዓትና ግድግዳ ይበቃል። ጤነኛ የሆኑ፣ የጉልበት ሕመም የሌለባቸው አሥራ ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ፈቃደኞችን ሰብስቡ። እያንዳንዱ ጀርባውን ግድግዳ አስደግፎ፣ ወንበር ላይ እንደተቀመጠ ሰው ጉልበቱን አጥፎ እስከቻለ ድረስ ይቆይ። አንድ ቀን በፍጹም ዝምታ፣ ከሁለት ቀን በኋላ ደግሞ በየ20 ሰከንዱ እየተበረታታ ይፈተን። ከፈቃደኞቹ ግማሾቹ በዝምታ፣ ግማሾቹ በማበረታቻ ይጀምሩ፤ ማን በምን እንደሚጀምር በዕጣ ይወሰን፤ አለበለዚያ የሁለተኛው ቀን መሻሻል ከቃሉ ይሁን ከልምምዱ አይለይም። የምትሉትን ቃል አስቀድማችሁ ጻፉት፤ ለሁሉም አንድ ዓይነት ይሁን፣ በአንድ ሰው አፍ ይነገር። ፈቃደኛው ሰዓቱን እንዳያይ፣ ሌሎቹም ስንት ሰከንድ እንደቆዩ እንዳይሰማ ተጠንቀቁ። ሕመም የተሰማው ወዲያው ይነሣ። የእያንዳንዱን ሁለት ቁጥሮች ጎን ለጎን መዝግቡ፤ አማካዩን ከማስላታችሁ በፊት ግን ቃል ጭራሽ ያልጨመረላቸው፣ ወይም የቀነሰባቸው ስንት እንደሆኑ ቁጠሩ።